አቡደፍዱፍን በአማርኛ ምን እንበለው? ስለ አንድ ባለ መቀነት ዓሣና ስለ መኖሪያው ስያሜ

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነገሩን በዓይኑ ሳያየው ስሙን እንዲፈታ የሚገደድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገሩ የባሕር ፍጡር፣ ቋንቋው ደግሞ በደጋ የተስፋፋ ሲሆን ችግሩ እጥፍ ይሆናል። አማርኛ የጣናን ቆሮሶና አምባዛ በየስማቸው ለይቶ ያውቃል፤ በጨው ውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ግን አብዛኛውን ጊዜ «የዓሣ ዓይነት» ብሎ ያልፋቸዋል። ይህ ፍቺ ስሕተት ነው ባይባልም ለተርጓሚ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ሻርክም ሰርዲንም የዓሣ ዓይነት ናቸውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ትንሽ ዓሣ ይዞ፣ ለእርሱም ለሚኖርበትም ስፍራ ምን ዓይነት ስምና ፍቺ ቢሰጥ እንደሚሻል መመርመር ነው።

ዓሣው በቀይ ባሕር ከዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ጀምሮ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም በሕንድ ውቅያኖስ አልፎ እስከ ጃፓን፣ እስከ አውስትራሊያና እስከ ሰላማዊው ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። ርዝመቱ ቢበዛ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከጎን ሲያዩት ሰፊ፣ ከፊት ሲያዩት ቀጭን በመሆኑ ቆሮሶን የሚያውቅ ሰው ቅርጹን ለመገመት አይቸገርም። ገላው ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ፣ ጀርባው ቢጫ ሲሆን፣ ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርዱ አምስት ጥቁር ጭረቶች አሉት። ከቆሮሶ ጋር የሚያመሳስለው ሌላም ምልክት አለ። ብዙዎቹ ዓሦች በፊታቸው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ሲኖራቸው፣ ይህ ዓሣ እንደ ቆሮሶ ሁሉ በየጎኑ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ላየው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ያልታወቀውን በታወቀው ለማስረዳት ለሚጥር ፍቺ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ዝምድና ከብዙ ቃል ይበልጥበታል።

ሊቃውንቱ ዓሣውን «አቡደፍዱፍ ቫይጊየንሲስ» ይሉታል። ሁለተኛው ቃል ዛሬ በኢንዶኔዥያ ግዛት ውስጥ ካለችው ከዋይጌዮ ደሴት ስም የተገኘ ነው፤ የሰጡትም እ.ኤ.አ. በ1825 ኩዋና ጌማር የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን የፊተኛው ቃል ነው። እርሱ ላቲንም ግሪክም አይደለም፤ የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጆች ዐረብኛ ነው።

ቃሉ ወደ ሳይንስ የገባው በፔተር ፎርስኮል አማካይነት ነው። ፎርስኮል የካርል ሊኔ ተማሪ ሲሆን፣ የዴንማርክ መንግሥት ወደ ዐረብ አገር በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1761 ከኮፐንሃገን ተነሣ። በቀይ ባሕር ወደቦች እየተዘዋወረ ዓሦችን ሰበሰበ፤ ቆዳቸውንም ገፍፎ በወረቀት ላይ እንደ ቅጠል እየተጫነ አደረቃቸው። ከሁሉ የሚደነቀው ግን እያንዳንዱ ዓሣ በአገሬው አፍ ምን እንደሚባል እየጠየቀ መጻፉ ነው። በ1763 በየመን በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ብቻ ነበርና የሟቹን ማስታወሻ በ1775 አሳተመው። ስለዚህም ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የዓሣ ሊቅ ሁሉ ሳያውቀው የሱዌዝንና የጅዳን አጥማጆች ቋንቋ ይናገራል፤ «ቦሃር»፣ «ሶሃል»፣ «ሐራክ» የሚሉት የዝርያ ስሞች ከዚያው መጽሐፍ የተወረሱ ናቸው። ስያሜ የሚያወጣ ሰው ከመጽሐፍ በፊት አጥማጁን መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ፎርስኮል «አቡደፍዱፍ» ሲል የመዘገበው ከላይ የገለጽነውን ሳይሆን የቅርብ ዘመዱን ነው። ለዚያኛው የሰጠው የላቲን ቅጽል «ሶርዲዱስ» ሲሆን፣ ትርጉሙ በአማርኛ «አዳፋ» ከምንለው ጋር በትክክል ይገጥማል፤ መልኩ የደበዘዘ ነውና። በኋላ ግን ስሙ ለወገኑ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

አሁን ወደ ቃሉ ትርጉም እንግባ። «አቡ» በዐረብኛ «አባት» ማለት ቢሆንም፣ እንዲህ ባለው ስያሜ ውስጥ ሲገባ አባትነቱን ትቶ «ባለ» ወደሚለው ሐሳብ ይዞራል። «ደፍ» ደግሞ ጎን ነው። ከዚህ የተነሣ ስሙ በተለምዶ «ጎኑ የጎላ» እየተባለ ይፈታል። አንድ ተርጓሚ «የጎኖች አባት» ብሎ ቢመልሰው ቃላቱን እንጂ ስሙን አልተረጎመም። ይህን አሠራር ከዐረብኛ መማር አያስፈልገንም፤ በቤታችን ያለ ነውና። «አባ ጨጓሬ» ስንል ጨጓሬ የሚባል ልጅ የወለደ ማለታችን አይደለም። የከብቱንም በሽታ «አባ ሰንጋ» እንለዋለን፤ አፄ ምኒልክም በፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። «አባ» በአማርኛ ነፍሳትን፣ በሽታንና ጀግናን በአንድ በሚታወቁበት ነገር ለመሰየም ለዘመናት ያገለገለ የስም መሥሪያ ነው። «አቡ»ን በ«አባ» መተካት ስለዚህ ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ የሚደረግ ሳይሆን የአሰያየሙን መንገድ ጭምር የሚጠብቅ ነው።

እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ግን በሌላ መንገድ ሄደዋል። ጭረቶቹ የበታች ሹም በክንዱ ላይ የሚለጥፈውን የማዕረግ ምልክት ስላስታወሷቸው ዓሣውንና ወገኖቹን እንግሊዞች «ሳርጀንት ሜጀር»፣ ፈረንሳዮችም «ሰርዣን ማዦር» ብለዋቸዋል። ብዙው የአማርኛ ትርጉም ከእንግሊዝኛ የሚቀዳ በመሆኑ ይህ ስም ወደ እኛ መድረሱ አይቀርም። ሲደርስስ ምን ይደረግ? በእኛ ሠራዊት አጠራር ቅርቡ «ሻምበል ባሻ» ወይም «ሻለቃ ባሻ» ነው። ነገር ግን «ባሻ» በአማርኛ ከማዕረግነቱ ሌላ የሰፈር ሽማግሌ መጠሪያም ነው። «ባሻ በመንጋ ሆኖ በማዕበል ውስጥ ይዋኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር የገጠመው አንባቢ ስለ ዓሣ መሆኑን እስኪረዳ ድረስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። ምስሉ ለእንግሊዛዊው ሕያው የሆነው ምልክቱን በወታደሩ ክንድ ላይ ስለሚያየው ነው፤ ሲተረጎም ማዕረጉ ይሻገራል፣ ጭረቱ ግን በመንገድ ይቀራል። የዓሣው መለያ ደግሞ ጭረቱ ነው።

እንግዲህ ጭረቱን ራሱን ምን እንበለው? አማርኛ በዚህ ረገድ ቃል አያጣም። «ዥንጉርጉር» ግን ለነብርም ለጨርቅም የሚነገር ልቅ ቃል ነው፤ ነጠብጣቡን ከመስመሩ አይለይም። «መስመር» አቅጣጫውን አይነግርም። በዓሣ ጥናት አቅጣጫ ትልቅ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን «ባር»፣ ከራስ ወደ ጅራት የሚሄደውን «ስትራይፕ» ብሎ ይለያል። «ባለ መስመር ዓሣ» ብሎ ያለፈ ተርጓሚ ሁለት የተለያዩ ዓሦችን አንድ ያደርጋል። «ቁም ጭረት» እና «አግድም ጭረት» ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ዓሣው በምን ሁኔታ እንዳለ ታስቦ እንደሆነ መታወቅ አለበት። በጃፓን የሊቃውንት ልማድ ዓሣው ራሱን ወደ ላይ አቅንቶ እንደቆመ ተደርጎ ስለሚገለጽ፣ እኛ ቁም የምንለውን እነርሱ አግድም ይሉታል። ከጃፓንኛ መጽሐፍ በቀጥታም ሆነ በሌላ ቋንቋ በኩል የሚተረጉም ሰው ሥዕሉን ሳያይ እንዳይጽፍ እመክራለሁ።

እኔ የሚሻለው «መቀነት» ነው እላለሁ። ሊቃውንቱ ለእንዲህ ያለው ጭረት የሚጠቀሙበት የላቲን ቃል «ፋሺያ» መጠቅለያ፣ መታጠቂያ ማለት ነው። መቀነት ገላን ይዞራል፤ የዓሣውም ጭረት በአንድ ጎን ብቻ የተሣለ ሳይሆን በሁለቱም ጎኖች የሚታይ ነው። ከራስ ወደ ጅራት የሚሄደው ግን ሊታጠቁት አይቻልምና ለእርሱ «መስመር» ይበቃዋል፤ በዚህም «ቁም» እና «አግድም» የሚለው ክርክር ይቀራል። መቀነት የሴት ነው፣ የወንዱ ድግ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ሆኖም ሕዝቡ በሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ቀስት «የማርያም መቀነት» ብሎ ከሰየመ፣ ቃሉ ከወገብ ወጥቶ የተፈጥሮን ቀለም ለመግለጽ ከበቃ ቆይቷል።

ቃሉ ለሌሎችም የባሕር ዓሦች ይጠቅማል። ከባሕር አበባ መሰል እንስሳት ክንዶች መካከል ተሸሽጎ የሚኖረውን የቀይ ባሕር ዓሣ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830 «አምፊፕሪዮን ቢሲንክቱስ» ብሎ ሰየመው፤ ቅጽሉ በቀጥታ «ባለ ሁለት መቀነት» ማለት ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ያው ጀርመናዊ መንገደኛ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። በቀይ ባሕር «አቡደፍዱፍ ሴክስፋሺያቱስ» የሚባል ሌላ ዝርያ አለ፤ ስሙ «ባለ ስድስት መቀነት» ይላል፣ በገላው ላይ የሚቆጠሩት ግን አምስት ናቸው። ከእኛው ዓሣ የሚለየው የጅራቱ ሁለት ዘርፎች እያንዳንዳቸው ጥቁር መስመር ስላላቸው ነው። ስለዚህ የላቲኑን ቁጥር ወደ አማርኛ ፍቺ መገልበጥ አደገኛ ነው። በቀደሙት መጻሕፍት ደግሞ የቀይ ባሕሩ ዓሣ «አቡደፍዱፍ ሳክሳቲሊስ» ተብሎ ይገኛል፤ ይህ ዛሬ የአትላንቲክ ውቅያኖሱ ዝርያ ብቻ የሚጠራበት ስም ነው። ተርጓሚው የመጽሐፉን ዘመን ሳይመለከት ስሙን ቢያምን ዓሣውን ወደ ሌላ ውቅያኖስ ይሰድደዋል።

ከዓሣው ይልቅ የበለጠ ጉዳት የሚያስከትለው የመኖሪያው ስያሜ ነው። ለእርማት በቀረበልኝ አንድ ትርጉም ውስጥ «ዓሣው በዛጎል ውስጥ ይኖራል» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጥሞኛል። ተርጓሚው ሊል የፈለገው «በኮራል መካከል» ነበር። ዛጎል የቀንድ አውጣ ወገን የሆነ የባሕር እንስሳ ልብስ ነው፤ ሰው በአንገቱ ያስረዋል፣ በቆዳ ዕቃ ላይ ለጌጥ ይሰፋዋል። ኮራል ግን በራሱ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በማኅበር ሆነው ከባሕሩ ውሃ ኖራማ አካል ይሠራሉ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደረበ ሲሄድ አለት ይሆናል።

ይህ የቃላት ጥራት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን በሁለተኛው አባሪው ውስጥ ይዟል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ተራው ዛጎል ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኮራልን «ዛጎል» ብሎ የተረጎመ ማስታወቂያ በአውሮፕላን ጣቢያ ቢለጠፍ፣ ከጅዳ የሚመለስ መንገደኛ የልጁን የአንገት ዛጎል ፈትቶ ይጥልና ከባሕር የሰበረውን ኮራል በሻንጣው ይዞ ያልፋል፤ ሲያዝም ማስታወቂያውን እንዳከበረ ይምላል። በኤላት የኮራል ጥብቅ ስፍራ የሚጎበኝ አማርኛ ተናጋሪም በተመሳሳይ ስሕተት ሊረግጠው የማይገባውን ይረግጣል።

ዐረቦች ኮራልን «መርጃን» ይሉታል። ቃሉ ለጆሮአችን ባይከብድም፣ «ኮራል» በትምህርት ቤት መጻሕፍት ስለገባ እርሱን ማጽናት ይሻላል። ነገር ግን አንድ ቃል ሦስት ነገር እንዳይሸከም ማድረግ ያስፈልጋል። ሕያው እንስሳው «ኮራል» ይባል፤ ከሞተ በኋላ የሚቀረውና የምጽዋ የጥንት ቤቶች የታነጹበት «የኮራል ድንጋይ»፤ በባሕር ውስጥ ተገንብቶ የሚታየው ጠቅላላ ግንባታ ደግሞ «የኮራል አለት»። የመጨረሻው እንግሊዝኛው «ሪፍ» ለሚለው ነው። «አለት» የሚለው ቃል በድን ያስመስለዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ሆኖም «ኮራል» የሚለው ቀዳሚ ቃል ሕይወቱን ይመልስለታል። በቀይ ባሕር ካርታ ላይ ብዙ ሪፎች በዐረብኛ «ሸዕብ» በሚል ይጀምራሉ፤ የፈረንሳዩ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ከውሃ በታች ቤት የሠራበት የሱዳኑ «ሸዕብ ሩሚ» አንዱ ነው። ቃሉ በጽሕፈት «ሕዝብ» ማለት ከሆነውና «ሻዕቢያ» ከሚለው ስም ከምናውቀው ቃል ጋር አንድ በመሆኑ፣ የሪፉን ስም «የሮማ ሕዝብ» ብሎ እንዳይተረጉም ዐረብኛ አዋቂውም ይጠንቀቅ።

የኮራል አለቱን ልዩ ልዩ ክፍሎች ለመሰየም ስንመጣ፣ ደገኛ በመሆኑ ድሀ ነው ያልነው ቋንቋ በድንገት ባለጸጋ ሆኖ ይገኛል። አለቱ ከባሕሩ ወለል በታች ጥቂት ዝቅ ብሎ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ ዳሩ የተቆረጠ፣ ጎኑ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ነው። ይህን የሰሜን ሸዋ ወይም የወሎ ሰው ቢያየው ስሙን ለማውጣት አይቸገርም፤ አናቱ «አምባ»፣ ዳሩ «አፋፍ»፣ ጎኑ «ገደል»፣ በሁለት አለቶች መካከል ያለው አሸዋማ ዝቅታ «ሸለቆ» ነው። የውጭ ቃል መዋስ አያስፈልግም፤ በተራራ ላይ ያለውን መሬት ወደ ውሃ ውስጥ ማውረድ ብቻ ይበቃል። እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ስያሜ ደስ የሚለኝ «አፋፍ» ነው፤ የዓሣችን እውነተኛ አድራሻ እርሱ ነውና።

ዓሣው ከውሃው ወለል እስከ 15 ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ይኖራል። የዚህም ምክንያት ከኮራሉ ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ረቂቅ ዋቅላሚዎች ይኖራሉ፤ በብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ በዚህ የተነሣ ኮራሉ የሚለመልመው ብርሃን በሚዘልቅበት ጥርት ያለ፣ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ዓሣውም በአፋፉ ላይ በመንጋ ሆኖ ሞገዱ የሚያመጣለትን ፕላንክተን ይለቅማል፤ ዋቅላሚም ከአለቱ ላይ ይግጣል፤ ሲደነግጥ ወደ ኮራሉ ስንጥቅ ይገባል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን ስለሚያጣ ቀለሙ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህ በብዙ የዓለም ባሕሮች ላይ ደርሷል። እንግሊዝኛው ለዚህ ልብስ በበረኪና ለማንጣት የሚነገረውን ቃል ይጠቀማል። በአማርኛ «መንጣት» ብንል ግን ነገሩ የጸዳ ያስመስላል፤ «መገርጣት» ቢባል ሕመሙን ይናገራል። የገረጣ ኮራል ወዲያው የሞተ አይደለም፤ ሙቀቱ ከበረደ ሊያገግም ይችላል። «ገረጣ» የምንለውም ስለ ሰው ሲሆን ይህንኑ ነው።

የመራቢያ ጊዜ ሲደርስ ተባዕቱ በአለቱ ላይ ቦታ ያጸዳል፤ እንስቲቱ በድንጋዩ ላይ የሚጣበቁ እንቁላሎችዋን ጥላ ትሄዳለች። የሚጠብቃቸው አባትየው ነው። በዚያን ጊዜ መልኩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ በክንፉ ውሃውን እያራገበ አየር ይሰጣቸዋል፤ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ጫጩቶቹም ተፈልፍለው ጥቂት ካደጉ በኋላ ከሚንሳፈፍ የባሕር ሣር ሥር ተጠግተው ሲጓዙ ይታያሉ። «አቡ» በዐረብኛው ስም ውስጥ አባትነትን አያመለክትም ብለናል፤ ያም ሆኖ ለዚህ ዓሣ «አባ» የሚለው ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ሲገጥምለት ማየት የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው ረቂቅ ፍቺ እንደ መጨረሻ ውሳኔ መታየት የለበትም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕሩ ዳርቻ ከኢትዮጵያ ውጭ ነው፤ ዓሣውን በየቀኑ የሚያዩት በዐፋርኛ፣ በትግረ፣ በዳህላክኛና በዐረብኛ የሚናገሩ አጥማጆች ናቸው። ዳህላክኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑ በሊቃውንት የታወቀው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የዓሣ ስሞቹ ተሰብስበው ቢገኙ አማርኛ ከእነርሱ መዋሱ የሚያሳፍር ሳይሆን የፎርስኮልን ፈለግ መከተል ነው። እስከዚያው ድረስ ለተርጓሚዎች አገልግሎት የሚከተለው ቀርቧል።

አባ መቀነት (ስም፣ ተባዕታይ)፦ አቡደፍዱፍ በተባለው ወገን ውስጥ የሚገኝ ትንሽ የባሕር ዓሣ፤ ቅርጹ እንደ ቆሮሶ ከጎን ሰፊ፣ በፊቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ያለው፤ በሞቃት ባሕሮች በኮራል ወይም በድንጋይ አለት አፋፍ በመንጋ የሚኖር፤ እንቁላሉን ተባዕቱ የሚጠብቅ። ባለ አምስት አባ መቀነት፦ ከቀይ ባሕር እስከ ሰላማዊው ውቅያኖስ የሚገኘው፣ ጀርባው ቢጫ የሆነው ዝርያ። መቀሰ ጅራት አባ መቀነት፦ በጅራቱ ሁለት ዘርፎች ላይ ጥቁር መስመር ያለው። አዳፋ አባ መቀነት፦ መልኩ የደበዘዘው። «ሻምበል ባሻ ዓሣ» አይባልም።